ሦስተኛው ጥሪ

«እንዴት አነበበው?» አለችኝ፣ ገና ጃንጥላዬን ሳላጥፍ።

«ማን?» አልኳት። ጠፍቶኝ አይደለም። የእህቴ ልጅ ቴዎዶሲያ ፌንዊክ እናቷ ከሞተች ጀምሮ በእኔ በላቪኒያ ፒም እጅ ነው ያደገችው፤ ልታስነጥስ ስትል እንኳ ከእሷ በፊት አውቃለሁ።

«አክስቴ፣ በናትሽ አታድርቂኝ! ሚስተር ኬል ነዋ። ስማችንን ሲጠራ ድምፁ እንዴት ነበር?»

ልብ በሉ፤ ስለ ሙሽራው አልጠየቀችኝም። ሚስተር ብራድሾ ምን ለብሶ እንደመጣ፣ ስሙ ሲጠራ ደስ ብሎት እንደሆነ፣ አንዱንም አላነሳችም። የጠየቀችው ስለ አንባቢው ቄስ ነው።

በእኛ አገር ለመጋባት ቃል የተገባቡ ሰዎች ስማቸው ሦስት እሁድ በቤተ ክርስቲያን ይጠራል። ቄሱ ስሞቹን ያነብና የሚያግድ ምክንያት የሚያውቅ ሰው ካለ እንዲናገር ይጠይቃል፤ ማንም አይናገርም፤ ሁሉም ወደ ምሳው ይሄዳል። ሙሽራዋ ግን በእነዚያ እሁዶች ቤቷ ትቀመጣለች። የራሷን ጥሪ በጆሮዋ የሰማች ሙሽራ ልጆቿ ዲዳ ይሆናሉ ይባላላ። ቴዎዶሲያ በዚህ አታምንም፤ ግን ለመቅረት ጥሩ ሰበብ ሆነላት። ከሁለተኛው ጥሪ ስመለስ ያገኘኋት ከመስኮት ወደ ምድጃ፣ ከምድጃ ወደ መስኮት እያለች ምንጣፉን በእግሯ ስትፈጀው ነው።

«ጥርት አድርጎ ነው ያነበበው» አልኳት።

«አልተንተባተበም?»

«ኧረ በፍጹም።»

«ቀና ብሎስ አላየም?»

«መጽሐፉን ነዋ የሚያየው። ምን እንዲያይ ኖሯል?»

ፊቷ ጠቆረ። ያልነገርኳት ነገር ነበር። ስሟን ከመጥራቱ በፊት ትንፋሹን ዋጥ አድርጓል። አንብቦ ሲጨርስ ደግሞ ዓይኑ ወደ እኛ መቀመጫ መጥቶ ባዶ ቦታዋ ላይ አረፈና እኔ እስካስል ድረስ እዚያው ቀረ። ይህን ብነግራት ምን ይጠቅማታል? ሁለተኛው ጥሪ አልፏል፤ የቀረው አንድ ነው፤ ከዚያ ሠርግ። ኮፍያዬን ሳወልቅ በጣም ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደተናደድኩ ግን ለራሴም አልገባኝም።

*

ነገሩ የተበላሸው በሚያዝያ ነው። ቦናፓርት በተያዘ በዓመቱ፣ በጋው መንገድ ጠፍቶት የቀረበት፣ ዝናቡ ከፋሲካ ጀምሮ አላባራ ያለበት ዓመት ነበር።

ሚስተር ጆሳያ ብራድሾ በብሪስቶል በሱፍ ንግድ ከብሮ፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን ትልቁን ቤት የገዛ ሰው ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮማ ሥራችን በቀለለ። ድምፁ ይጮኻል፣ እየበላ ያወራል፣ የሳሎኑን መጋረጃ ዋጋ ሳትጠይቁት ይነግራችኋል፤ አገልጋዮቹን ግን አይበድልም፣ ፈረሶቹንም አይገርፍም። ቴዎዶሲያን አይቶ ወደዳት፤ አባቷን ጠየቀ።

አባቷ ጊልበርት ፌንዊክ በደስታ ሊያብድ ደረሰ። አትፍረዱበት። የምንኖርበት ቤት በአያት ቅድመ አያት ውል ከወንድ ወደ ወንድ ብቻ ነው የሚተላለፈው። ጊልበርት ዓይኑን የጨፈነ ዕለት ዴቮን የሚኖር አንድ አይተነው የማናውቅ ዘመድ ሻንጣውን ይዞ ይገባል፤ እኔና ቴዎዶሲያ ሻንጣችንን ይዘን እንወጣለን። ጊልበርት ደግሞ ደረቱን የሚያመው ሰው ነው።

«እስቲ ትንሽ ላስብበት» አለች ቴዎዶሲያ። ኮፍያዋን አጥልቃ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። ወዴት እንደምትሄድ እግሬ ያውቀው ነበር።

የደብራችን አለቃ ሪህ ስላለበት ዓመቱን ሙሉ ባዝ ከተማ ተቀምጦ ፍል ውሃ ይጠጣል። ሥራውን የሚሠራለት ረዳቱ ቄስ አምብሮዝ ኬል ነው፤ ሠላሳ ያልሞላው፣ ረጅም፣ የኮቱ ክርን ያለቀ። በእኛ ዘንድ ቄስ ማግባት ይችላል፤ ይሄኛው ግን በምን አቅሙ? ደሞዙ ለራሱ ጉሮሮም አይበቃም። ሆኖም በገና ጭፈራ ላይ ከቴዎዶሲያ ጋር ሁለት ጊዜ አከታትሎ ጨፍሯል። በእኛ መንደር በኔዘርኮም ሁለት ጊዜ አከታትሎ መጨፈር ሽማግሌ እንደመላክ ነው። መንደሩ ሁሉ ቀጣዩን ሲጠብቅ ሰውዬው ራቀን። ቤታችን መምጣት አቆመ፤ መንገድ ላይ ሲያየን ባርኔጣውን አንስቶ ያልፋል።

ያን ቀን ከአንዲት በሽተኛ አሮጊት ቤት ሲወጣ አገኘነው።

«ሚስተር ኬል» አለችው፣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳትጨርስ። «ሚስተር ብራድሾ ለጋብቻ ጠይቆኛል። እንደ ቄሴ ምን ይመክሩኛል?»

እዩልኝ እንግዲህ! እንደ ቄስ ጠየቀችው፤ እንዲመልስላት የፈለገችው ግን እንደ ወንድ ነው። ሞኙ ደግሞ የተጠየቀውን መለሰ።

ዝናቡ ከባርኔጣው ጠርዝ ይንጠባጠብ ነበር። «ሚስተር ብራድሾ ጨዋ ሰው ነው» አለ በመጨረሻ። «ደረቅ ቤት አለው። ይንከባከብዎታል። እንደ ቄስዎ… ይቀበሉት ነው የምለው።»

«ከልብዎ ነው?»

«ምክሬ ይህ ነው።»

«አመሰግናለሁ» አለችው። ቤት እንደደረሰች ኮፍያዋን ሳታወልቅ አባቷ ክፍል በር ላይ ቆማ «እሺ በሉት» አለች። ቤቱ ሁሉ ተደሰተ፤ እኔ ግን የዚያን ዕለት እራት አልወረደልኝም።

*

ባለጸጋ ሰው ለጋብቻው ከጳጳሱ ፈቃድ ያወጣል እንጂ ስሙን ከእረኛና ከወፍጮ ቤት ሠራተኛ እኩል በቤተ ክርስቲያን አያስጠራም። ሚስተር ብራድሾ ግን አስጠራ። ለምን እንደሆነ ከሁለተኛው ጥሪ በኋላ ባለው ረቡዕ ሻይ ሊጠጣ መጥቶ ራሱ ነገረን።

«ፌንዊክና ብራድሾ ባንድ ትንፋሽ ሲጠራ መስማት ነው እኔን ደስ የሚለኝ፣ ወይዘሮ ፒም!» አለ ኬኩን እያላመጠ። «አባቴ የሰው በግ ሲሸልት የኖረ ሰው ነው። ሦስት እሁድ! አንዷንም አልለቅም!»

እውነቱን ልናገር፣ ይህን ሲል ወደድኩት። መውደዴ ግን አልቆየም።

«ለነገሩ ያ ልጅ ቄስ ጥሩ አድርጎ ነው የሚያነብልኝ» ብሎ ቀጠለ። «እኔም አልረሳሁትም። ከርስቴ ጋር ለስቶክ ደብር ቄስ የመሾም መብት ገዝቼ የለ? ያንተ ይሁን ብዬዋለሁ። ቤት ያለው፣ አትክልት ያለው፣ ዕድሜ ልክ የሚያኖር ደብር! ሚስ ፌንዊክን እንዴት አድርጎ እንደመከራት አባቷ አጫውቶኛል። ብራድሾ ውለታ አይበላም!»

ቴዎዶሲያ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «መቼ ነው የሰጡት?»

«እ? ሚያዝያ ውስጥ ነው። እርስዎ እሺ ባሉኝ ሰሞን።»

«እሺ ሳልልዎት ነው ወይስ ካልኩዎት በኋላ?»

«ኧረ እኔ እንጃ! ቀን መያዝ የጸሐፊዬ ሥራ ነው» ብሎ ሳቀ። ኬክ ጨመረ፤ ስለ ሠርጉ ሰረገላ አወራ፤ እጇን ስሞ ሄደ።

በሩ እንደተዘጋ «ሸጠኝ» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «አክስቴ፣ ሸጠኝ። ለአንድ አትክልት ቦታ።»

«ኬል እንዲህ ያለ ሰው አይደለም።»

«እንዴት አወቅሽ?»

ብታለቅስ ይሻል ነበር፤ አላለቀሰችም፤ ከንፈሯን ነክሳ እንደገና ከመስኮት ወደ ምድጃ መመላለስ ጀመረች። እኔም ተቀምጬ በዓይኔ አብሬያት ስመላለስ አመሸሁ።

*

በማግስቱ ጠዋት አብረን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድን። ኬል በሸሚዝ ብቻ ሆኖ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ከጣሪያው የፈሰሰውን ውሃ በባልዲ እየቀዳ መቃብሮቹ መሃል ይደፋል። ሲያየን ደነገጠና ኮቱን ፍለጋ ዞረ።

«አይድከሙ፣ አንቆይም» አለችው ቴዎዶሲያ። «እንኳን ደስ ያለዎት ልልዎት ነው የመጣሁት።»

«በምኑ?»

«በስቶክ ደብር ነዋ! እኔን የሚያህል ነገር በርካሽ አልሄደም፤ ደስ ብሎኛል።»

እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ዛፉ ሥር ቆምኩ። ሰምቼ እንዳልሰማ ለመሆን ብዬ እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው።

«ማን ነገረዎት?» አለ።

«የገዛዎት ሰው።»

ባልዲውን አስቀመጠ። «አልተቀበልኩም።»

«ምን?»

«አልተቀበልኩም፣ ሚስ ፌንዊክ። የፈረሶቹ ጋጣ ደጅ ላይ ቆሜ አይሆንም አልኩት። ሳቀ። ደግሜ አልኩት። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ‹ትሕትና ነው› አለኝ። እምቢታ የሚባል ነገር ገጥሞት አያውቅም መሰለኝ፤ የሰጠውን ሁሉ የተወሰደለት ይመስለዋል።»

«ለምን እምቢ አሉ? ቤት ነበረው። አትክልት ነበረው።»

ባልዲውን መልሶ አነሳ።

«ሚስተር ኬል፣ ለምን?»

«በእርስዎ ሠርግ ያገኘሁት ቁራሽ ጉሮሮዬን አያልፍማ!» አለ።

አቤት፣ የዚያን ጊዜ አስተያየቷ! ቁጣዋ ከፊቷ ላይ ሲወርድ፣ በቦታው ሌላ የባሰ ነገር ሲተካ አየሁ።

«ታዲያ ለምን ይቀበሉት አሉኝ?» አለች ቀስ ብላ።

«ምን ልበልዎት ኖሯል? የምኖርበትን ክፍል አይተውታል? አባቴም እንደኔ ረዳት ቄስ ነበር። እናቴን ይወዳት ነበር፤ እንዴት እንደሚወዳት! ፍቅሩ ግን እርጥበቱን ከግድግዳው ላይ አላደረቀላትም። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ስታስል ስታስል ነው የሞተችብን። ግንባሯን የምጠርግላት እኔ ነበርኩ፤ ሰባት ዓመቴ ነው። ያንን… ለእርስዎ? በገዛ እጄ?»

«ያንን ለእኔ ያልፈለጉት ለምንድን ነው?» አለች አንድ እርምጃ ቀርባ። «ለመንደሩ ሴት ሁሉ አይፈልጉትም ይሆናል። ለእኔ ለምን? ይናገሩት። አንድ ጊዜ በአፍዎ ይናገሩትና ልሂድ።»

እጁ ተነሳ። ሊነካት ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩ። አልነካትም።

«አልችልም» አለ። «የሌላ ሰው እጮኛ ነዎት። በዚሁ አፌ ሁለት ጊዜ ከእሱ ጋር ጠርቼዎታለሁ። በዚሁ አፌ ሌላ ነገር ብናገር ምን ቄስ እባላለሁ?»

«እሁድስ?»

«እሁድም አነባለሁ። ሥራዬ ነው።»

«ጥርት አድርገው?»

«እንደምችለው።»

«እንግዲያው ያንብቡ!» ብላ ጭቃውን እየረገጠች ሄደች፤ እኔ በአሮጌ እግሬ እየሮጥኩ ተከተልኳት። «ፈሪ!» አለች መንገድ ላይ። «ፈሪ ነው፣ አክስቴ! እኔም ፈሪ ነኝ። በንዴት እሺ ብዬ በፍርሃት ዝም ያልኩ።» ጉንጯ ላይ እንባው ይወርዳል፤ ግን አልሸጣትምና ከሚያዝያ ወዲህ ያላየሁት ብርሃን ፊቷ ላይ ነበር። ያን ብርሃን ሳይ ለእሁድ ይበልጥ ፈራሁ።

*

ቅዳሜ አባቷ ክፍል ገባች። እኔ ጥግ ይዤ ሹራብ እሠራለሁ።

«አባባ፣ ልቤ ከዚህ ጋብቻ ተመልሷል» አለችው።

ጊልበርት መነጽሩን አወለቀ። ብዙ ጊዜ የሚቆጣ ሰው አይደለም፤ ያን ቀንም አልተቆጣም። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ» አለ። «ሰውዬው ምን በደለሽ?»

«ምንም።»

«ታዲያ? ስሚኝ፤ ሌሊት ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ደረቴ ይመስላችኋል። ደረቴ አይደለም። ከሞትኩ በኋላ የት ትወድቃለች የሚለው ነው የሚቀሰቅሰኝ። ከሠርግሽ ማግስት ጀምሮ እተኛለሁ።»

እጁን ሳመች። እሱም ጠጉሯን ዳበሳትና መነጽሩን መልሶ አደረገ፤ የተገላገለ መሰለው።

ከበሩ ስንወጣ «ነገ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ» አለችኝ።

«ሦስተኛውን ጥሪ ልትሰሚ? ሙሽራ?»

«ሲያነበው ድምፁን ልስማው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አላውቅም» አለች፤ እውነቷን ነበር።

*

ስንገባ ቤተ ክርስቲያኑ በሹክሹክታ ተናወጠ።

«ውይ! ሙሽሪት መጣች!»

«ለልጆቿ እንኳ አታዝንም?»

«ተያት እቴ፣ ቸኩላ ነው! ያን ትልቅ ቤት አስቢው!»

ሚስተር ብራድሾ አዲስ ሰደርያ ለብሶ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ሲያያት ከአፍንጫው እስከ ጆሮው በራ፤ ፍቅር አላስቀምጥ ብሏት የመጣች መሰለው። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ጊልበርት እንኳ ፈገግ አለ።

ኬል ነጭ ልብሱን ለብሶ ወጣ፤ ቀና ሲል አያት። ሁለት እሁድ ባዶ የነበረው ቦታ ላይ ተቀምጣለች። ፊቱ እንደ ልብሱ ነጣ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእኛ ደብር ሦስተኛው ጥሪ እንዳለቀ የደብሩ አገልጋይ ሽማግሌው ቶቢያስ ብድግ ብሎ «እግዚአብሔር መንገዳቸውን ያቅናላቸው!» ይላል፤ ሕዝቡም «አሜን!» ይላል። ከዚያ አሜን በኋላ የተናገረ ሰው በኔዘርኮም ታሪክ አልተሰማም። ቶቢያስ ደግሞ ችኩል ነው፤ ምሳ ይወዳል።

ኬል መጽሐፉን ገለጠ።

«በዚህ ደብር የሚኖረው ያላገባው ጆሳያ ብራድሾና…» አለና ቆመ። ሰዎች ቀና አሉ። «…በዚሁ ደብር የምትኖረው ያላገባችው ቴዎዶሲያ ፌንዊክ ሊጋቡ አስበዋል። እነዚህ ሁለቱ በቅዱስ ጋብቻ እንዳይጣመሩ የሚያግድ በቂ ምክንያት የሚያውቅ ሰው ቢኖር ይናገር። ይህ ሦስተኛው ጥሪ ነው።»

እስከ መጨረሻው አነበበው። እንዳለውም የቻለውን ያህል ጥርት አድርጎ። ዓይኑን ግን ከመጽሐፉ ላይ ማንሳት አቃተው።

እኔ አስቤ ነበር። ጉልበቴን ይዤ፣ እነሳለሁ፣ ያበደች አሮጊት ይበሉኝ፣ ብዬ ነበር። አልተነሳሁም። ቶቢያስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እግዚአብሔር መንገዳ…»

«እኔ አግዳለሁ።»

ቶቢያስ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ሰዉ ድምፁ ከየት እንደመጣ ፍለጋ ወደ ኋላ ዞረ፣ ወደ ላይ አየ፤ ሙሽራዋ ትሆናለች ብሎ ማን ይጠርጥር? ቴዎዶሲያ ከጎኔ ቆማለች። የመቀመጫውን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛለች።

ቄሱ መጠየቅ አለበት፤ ደንቡ ነው። «ማን ነው የሚያግደው?» አለ። የኬል ድምፅ መሆኑን ያወቅኩት አፉ ሲንቀሳቀስ አይቼ ነው።

«ቴዎዶሲያ ፌንዊክ። የዚህ ደብር ነዋሪ። ያላገባሁ።»

«በምን… በምን ምክንያት?»

«እሺ ያልኩት ተናድጄ ነው፤ ሚስተር ብራድሾን ስለወደድኩት አይደለም። በዚህ በድየዋለሁ። ባገባው ደግሞ ዕድሜ ልኩን እበድለዋለሁ።»

«ቴዎዶሲያ!» አለ ጊልበርት። «ተቀመጪ!»

«ይቅርታ አባባ። አሁን ከተቀመጥኩ ሁለተኛ መነሳት አልችልም።»

ሚስተር ብራድሾ ተነሳ። ፊቱ ቀልቷል። «ድንጋጤ ነው!» አለ ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ ሊስቅ እየሞከረ። «ሙሽሮች እንዲህ ናቸው! ድንጋጤ ነው!» ማንም አልሳቀለትም። ከዚያ እሷን አያት፤ ደህና አድርጎ ሲያያት ይህ የመጀመሪያው ይመስለኛል። «እውነትዎን ነው?» አለ።

«እውነቴን ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ባርኔጣውን አንስቶ በመተላለፊያው መጣ። እኛ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ይጮህባታል ብዬ ስጠብቅ «ያሻዎትን ሁሉ እገዛልዎት ነበር» አለ፤ ሰውዬው ድምፁን ዝቅ ማድረግ መቻሉን ያወቅኩት ያኔ ነው።

«አውቃለሁ» አለችው፤ እንባዋ መጣ። ለእሱ ነበር ያለቀሰችው። እኔም ለእሱ አለቀስኩ፤ የበግ ሸላቹ ልጅ ሦስቱንም እሁድ በጉጉት ጠብቆ ነበር።

በሩ ከኋላው ሲዘጋ ሰገነቱ ላይ ያሉት ሙዚቀኞች መላው ጠፍቷቸው ማንም ሳያዛቸው መዝሙር ጀመሩ፤ ቫዮሊኑ አንዱን፣ ዋሽንቱ ሌላውን። ከዚያ በኋላ ኬል ስብከቱን ሰበከ። ሁለት ገጽ አንድ ላይ ገልጦ ከመሃል ወደ መጨረሻ ዘለለ፤ አንድም ሰው አላወቀበትም፣ እሱም ራሱ። ቴዎዶሲያ እስከ ፍጻሜው ቀና ብላ ተቀመጠች።

*

ከአገልግሎቱ በኋላ መንደሩ በሙሉ ደጀ ሰላሙ ሥር ተጠለለ። ዝናቡን ፈርተን ነው ይላሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ዝናብ ሲበላቸው ኖረው ያን ቀን ፈሩት! ጊልበርት ምሰሶውን ተደግፎ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ልጁንም አያያትም።

ኬል ወጣ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት።

«ሚስተር ኬል» አለ ጊልበርት። «ይህን ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ጌታዬ። ባውቅ ኖሮ ቶሎ ቶሎ ባነበብኩት ነበር።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሚስቱ ጎሸመችው። ጊልበርት አልሳቀም።

«ልጄ ምን እንዳደረገች ይገባሃል?» አለ። «እጮኛዋን በቤተ ክርስቲያን ያገደችን ሴት በዚህ አውራጃ ማን ይጠይቃታል? ከእንግዲህ ማንም አይጠይቃትም። ማንም!»

«አንድ ሰው አለ» አለ ኬል።

እሱም ወደ ቴዎዶሲያ ዞረ።

«ሚስ ፌንዊክ፣ በሚያዝያ ምክር ጠይቀውኝ ነበር።»

«ሰጡኝ እኮ» አለች።

«ዛሬም ቢጠይቁኝ ከዚያ የተሻለ ምክር የለኝም። እኔን አያግቡኝ። ክፍሌ እርጥብ ነው። ደሞዜ ምን እንደምታህል መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ የደብሩ አለቃ የዛሬውን ሲሰማ እሷንም ይከለክለኝ ይሆናል። ቄስ ነኝና የምመክረው ይህን ነው።» ቆመ። ያ በመጽሐፍ ፊት ያልተንተባተበ አፍ ተንተባተበ። «ግን… እኔ… ቴዎዶሲያ፣ እወድሻለሁ። ከገና በፊት ጀምሮ እወድሻለሁ። እለምንሻለሁ፣ ምክሬን አትስሚ።»

እሷ ሳቀች። እያለቀሰች ሳቀች። ጓንቷን አውልቃ ባዶ እጇን ሰጠችው። «አንድ ጊዜ ሰምቼህ ምን እንዳደረግከኝ አይቻለሁ» አለችው። «ሁለተኛ አልሰማህም።»

እጇን በሁለት እጁ ያዘው፤ ደረቱ ላይ አስጠጋው፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ሌላ ሰው መኖሩን ረሱ። አንዲት ሴት ጮክ ብላ ተነፈሰች። ቶቢያስ፣ ምሳው ይቀዘቅዝበታልና፣ «እንግዲህ እንደገና ሦስት እሁድ!» ብሎ አጉረመረመ።

ጊልበርት ግን የሚያየው የልጁን ፊት ነበር። ረጅም ጊዜ አያት።

«ላቪኒያ» አለኝ በመጨረሻ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ይህቺ ልጅ ስትስቅ የመጨረሻ ጊዜ ያየሁት መቼ ነው?»

«አላስታውስም፣ ጊልበርት።»

«እኔም አላስታውስም» አለና ሰዉ እንባውን እንዳያይበት ፊቱን ወደ ዝናቡ አዞረ። ክንዱን ያዝኩት። የት እንደምንወድቅ ሁለታችንም አናውቅም ነበር፤ ፈርቻለሁም። ቢሆንም እዚያው ቆመን ጠበቅናቸው፤ እንሂድ ለማለት ማናችንም አልጨከንም።